ያልተተኮሰው ጥይት፦ የሃምሳ አለቃ ንብረት አያልነህ የሕይወት ታሪክ

ሃምሳ አለቃ ንብረት አያልነህ ከአባታቸው ከአቶ አያልነህ አንለይ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙናዬ ያየህ በ1945 ዓ.ም. በፎገራ ወረዳ ቁሐር ሚካኤል ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብሩ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ፤ ቀጥሎም ወረታ ገብተው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። መስከረም ላይ ውኃው ከሜዳው ሳይሸሽ ደብተራቸውን በራሳቸው ላይ አስረው ይሻገሩ እንደነበር አብሮ አደጎቻቸው ዛሬም ያወራሉ።

በ1966 ዓ.ም. በፖሊስነት ተቀጥረው በአንበሳሜና በወረታ አገልግለዋል። በ1971 ዓ.ም. ከወይዘሮ አገኘሁሽ አማረ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አይናለምን፣ አሸናፊንና ንግሥቲን ወልደዋል። ቁጡ ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን ከአፋቸው አያልፍም ነበር።

ከሥራቸው ሁሉ ስማቸውን ያስጠራው በ1989 ዓ.ም. የሆነው ነው። በዚያ ዓመት የቁሐር ሚካኤሉ አስማረ በሩዝ ማሳ ውኃ ተጣልቶ ጎረቤቱን ሰውመሆንን በዱላ መትቶ ገደለና ወደ ደራ ተሻግሮ ሸፈተ። የሟች ወንድም ታደለም ጠመንጃ ገዛ። ሃምሳ አለቃ ንብረት ገዳዩን ቀድመው ለሕግ ካላቀረቡት ሁለቱ ቤት ተያይዞ እንደሚያልቅ ገባቸው። ጠመንጃቸውን ጣቢያ ትተው የአስማረ እናት የወይዘሮ ዙፋን ደጅ ሄደው ተቀመጡ። ወይዘሮ ዙፋን መጀመሪያ በር ዘጉባቸው። ደጅ መጥናታቸውን ሲያዩ ግን፣ “ንብረቴ፣ ልጄን በቁሙ እንድታስገባልኝ በሚካኤል ማልልኝ” አሏቸው። ማሉላቸው። መሐላውንም የአስማረ የነፍስ አባት ቄስ ወልደ ሥላሴ እሱ ከተሸሸገበት ድረስ ወሰዱለት።

በኅዳር ሚካኤል ማለዳ አስማረ መጥቶ ከቁሐር ሚካኤል ቅጽር ገባና የደወሉን ገመድ ያዘ። ደወል ይዞ የተማጸነ ሰው በአገራችን አይነካም። ሃምሳ አለቃውና ቄሱ ግራና ቀኝ ሆነው፣ እጁን ሳያስሩ፣ በእግር ወረታ አደረሱት። ተፈረደበት፤ ታሰረ። ሲፈታም ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በታደለ እግር ሥር ወደቀ፤ በሽማግሌ ፊት ታርቀው ደሙ ደረቀ። አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም።

በ2000 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ተፈላጊዎችን ስለማሳደድ የቴሌቪዥን ድራማ እንሠራለን ያሉ ሰዎች ከአዲስ አበባ መጡና ታሪካቸውን ጠየቋቸው። በግ አርደው አበሏቸው፤ ሁሉንም ነገሯቸው። እንጀራዬን የበላ ቃሌን አያጣምምም ብለው ነው። እኛ የዚህ አገር ሰዎች የምንሞኘው በዚህ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ድራማው ሲተላለፍ ቤተሰቡ ተሰብስቦ አየ፤ ምነው ባላየን! በየክፍሉ አንድ ተፈላጊ ይነሣል፤ ክፍሉ ሳያልቅ ይያዛል ወይ ይሞታል። አሳዳጁ ጥቁር መነጽር አድርጎ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ አይርበው፣ አይደክመው። የተሸሸገውን ሁልጊዜ የምትጠቁመው የከዳች ፍቅረኛ ናት። አሳዳጁ ሽጉጥ ደግኖ ይሰብካል፤ ተፈላጊውም ስብከቱ እስኪያልቅ ቆሞ ያዳምጠዋል። በሬ እስከ ሆዱ በሚሰጥምበት በነሐሴ፣ በፎገራ ሜዳ ላይ መኪና አቧራ እያስነሣ ይጋልባል! ይህንንስ ስቀን ባለፍነው። የሚያቅለሸልሸው፣ የአስማረንም የደብሩንም ስም ሳይቀይሩ፣ ሰውየው ደወሉን እንደያዘ በሃምሳ አለቃው ጥይት ደረቱን አስመትተው መጣላቸው ነው። በሚካኤል ደጅ! እናቱንማ ጭራሽ የለችም አደረጓት። ስልክ ተደውሎ ሲጠየቁ፣ ደም ያላየ ተመልካች በሚቀጥለው ሳምንት አይመለስም አሉ። እንዲህ ያለ ምላሽ ሰምቶ ምግብ የሚወርድለት ካለ ይገርማል።

እነሱ ረስተውታል፤ እዚህ ግን ነገሩ በዚያ አላበቃም። በወረታ ገበያ የታደለን ልጆች፣ “የአጎታችሁን ደም ቴሌቪዥን መለሰላችሁ” እያለ የሚያላግጥባቸው ሰው አልጠፋም። ወጣቶቹ ማኩረፍ ጀመሩ፤ ከአስማረ ልጆች ጋር በአንድ መንገድ መሄድ ተዉ። የደረቀው ደም ሊረጥብ ሆነ። ሃምሳ አለቃ ንብረት በዚያን ጊዜ በኩላሊት ሕመም አልጋ ይዘው ነበር። ተነሡ። ባጃጁ እስከሚገባበት በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በሰው ትከሻ ተደግፈው ቁሐር ሚካኤል ደረሱና ሁለቱን ቤት ከነልጆቻቸው ሰብስበው እንዲህ አሏቸው፦ “እኔ የማልኩትን መሐላ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሚያፈርስብኝ ማነው? እናንተ ካላፈረሳችሁት አልፈረሰም።” ሁለቱም ቤት ከአንድ ገበታ በልቶ ተለያየ።

ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ጠናባቸው፤ በሕክምናም በጠበልም ሲረዱ ቆዩ። የሕይወት ታሪካቸው ነገር ሲነሣ፣ “አታሳምሩት። አልተኮሰም በሉልኝ፤ ይበቃኛል” ብለው አዘዙ። ይኸው፣ አልተኮሱም።

ሃምሳ አለቃ ንብረት አያልነህ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ጥር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አገኘሁሽ፣ ሦስት ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። ዛሬ ቃሬዛቸውን ከፊት የተሸከሙት፣ በቀኝ አቶ ታደለ ናቸው፤ በግራ ደግሞ አቶ አስማረ። ድራማውን ያያችሁ ሁሉ ቀና ብላችሁ እዩአቸው፤ በጥይት ሞቱ የተባሉት ሰው ገዳያቸው የተባሉትን ተሸክመው ወደ ሚካኤል እየገቡ ነው።

የሰውን ልጅ በቁሙ ለእናቱ ያስገቡትን አባታችንን፣ ፈጣሪ እርሳቸውንም በመንግሥቱ ደጅ ያስገባልን። አሜን።