ለጋሼ የደወልኩ ዕለት

እሑድ፣ ጥቅምት 23

«እነዚህ ሰዎች እኮ አንዴ ቢደዋወሉ ፊልሙ ያልቅ ነበር» አለ ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ። ላፍቶ ያለው የፊልም ክበባችን ዛሬ የጃፓን ፊልም አሳየን። ቶኪዮ ውስጥ አንድ ሰፈር እየፈረሰ ፎቅ ይበቅላል፤ አባትና ልጅ ሳይነጋገሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሩዝ ይበላሉ። ሰው ሁሉ በሰውዬው ሳቀ። እኔ ግን ምክሩ ትክክል መሰለኝ።

ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከተኮራረፍን ሦስተኛ ዓመታችን ነው። የአባታችን ቤት ለመንገድ ሲፈርስ እሱ ምትክ ቦታ፣ እኔ ኮንዶሚኒየም ይሻላል ብለን ተጣላን።

ቤት እንደገባሁ ደወልኩ። ወዲያው አነሳው።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም ጋሼ። ፊልም አይቼ ነው።»

«የምን ፊልም?»

«የጃፓን።»

«ካራቴ?»

«የለም፣ የቤተሰብ ነው። ይኮራረፋሉ።»

«ታዲያ ይኼን ለማየት ይከፈላል?»

ሳቅሁ። እሱም የሳቀ መሰለኝ፤ ወይም አሳለው። ከዚያ ዝም አልን። እንዲህ ያለው ዝምታ ፊልም ላይ ጥበብ ይባላል፤ ስልክ ላይ ካርድ ይበላል። ስለ ሀይሌ ጋርመንት የመንገድ መዘጋጋት፣ ስለ ውኃ መጥፋት አወራን። ልጆቹ ደህና ናቸው።

«እንደ ባዳ አትሁን፣ ብቅ በል እንጂ» አለኝ በመጨረሻ። ድምፁ ለስለስ ብሎ ነበር።

«የሚመጣው እሑድ እመጣለሁ» አልኩት። ከልቤ ነው።

ስልኩን ከዘጋሁ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኝ ሳሎኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ምን ይዤ ልሂድ? ኬክ እንዳልል ጋሼ የስኳር በሽታ አለበት። ብርቱካን ይሻል ይሆናል።

ጋሼ አሁን የት እንደሚኖር አላውቅም።