ጅራፉ የጮኸበት የወፍ ሽርሽር

ለተከበሩ ጓድ ገረሱ፣
የሰፈራ ጣቢያችን ዋና አስተባባሪ
አሶሳ፣ ኅዳር ፲፱፻፸፱ ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ያ የቀኝ ክንድዎስ ከቅዳሜ ወዲህ ተሻለው? እኛ የወባ ትንኝ ባስተረፈችልን ጤና ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። ሂስና ግለ ሂስ ለዕድገት እንደሚበጅ በየስብሰባው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት፤ እኔም ትምህርቱ ገብቶኛል።

እንደሚያስታውሱት፣ የተማሪዎቻችን የተፈጥሮ ክበብ ወደ ሐይቁ መናፈሻ ሄዶ ወፎች ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ካሜራውን ከአሶሳ ከተማ ተዋስን፤ ፊልሙን በመዋጮ ገዛን። ከእርስዎ የፈለግነው ማኅተም ብቻ ሲሆን፣ እርስዎ ግን በቸርነትዎ ራስዎን ጨመሩልን። ስለሆነም ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. ቅዳሜ ዕለት ሐይቁ ዳር እንደደረስን፣ ወፎቹ በየፊናቸው ተበታትነው መዋላቸው ሥርዓት አልበኝነት መሆኑን ተረድተው፣ ለፎቶ እንዲመቹ ባንድ ወገን እንዲሰበሰቡ መመሪያ ስለሰጡልን እናመሰግናለን። እኛ ጀማሪዎቹ ሸምበቆው ሥር ዝም ብለን ልንቀመጥ ነበር።

፪. መመሪያውን የሚያስፈጽም ባለሙያ ሲፈልጉ፣ የጋራ ማሽላችንን ከወፍ የሚጠብቀውን ፈንታን ከነጅራፉ ከማማው አስወርደው ስላስመጡልን እናመሰግናለን። ፈንታ ገና ወሎ ሳለ ጀምሮ ወፍ ሲያባርር የኖረ ሰው ነው። «ጓድ፣ እኔ ማባረሩን እንጅ መሰብሰቡን አላውቅበትም፤ ማሽላውስ ለማን ይተዋል?» ብሎ ቢለምንዎ፣ ጅራፉን ከእጁ ተቀብለው በገዛ ክንድዎ ደጋግመው አጮኹት። እንዴት ያለ ጩኸት ነበር! ሳቢሳው፣ ዳክዬው፣ ሸምበቆው ውስጥ ያረፈው የግሪሳ መንጋ ሁሉ ብድግ አለ። ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም መምህርነቴን ረስቼ ነበር።

፫. ግሪሳው ግን መመሪያዎን አክብሮ በእርግጥም ባንድ ወገን ተሰበሰበ፤ ጠባቂ በሌለው የጋራ ማሽላችን ላይ። ሮጠን እስክንደርስ የማሽላውን ራስ ጠርጎ በልቶ፣ «ሞዴል ማሳ» የሚለው ሰሌዳ ላይ ተደርድሮ ጠበቀን። ወፍ ፍለጋ ከመንከራተት ስላዳኑን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ሳቃችን የቆመው ሰኞ ዕለት ነው። ፈንታ «ማማውን ጥሎ በመሄድ የጋራ ሀብት አስበልቷል» ተብሎ በእርስዎ ፊርማ ተከሷል፤ የፊታችን እሁድም ጠቅላላ ጉባኤው ፊት ይቆማል። ከተፈረደበት ከመኸሩ የሚደርሰው ይቀነስበታል፤ ልጆቹም የእኔ ተማሪዎች ናቸው። ይህ ያናድደኛል፣ ጓድ። እያከበርኩዎትም ያናድደኛል። ጉባኤው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንበት እሰጋለሁ፤ አህያ ያልኩት በተረቱ ነው።

ስለዚህ እሁድ ዕለት ከፈንታ ቀድመው ተነሥተው ያስተማሩንን ግለ ሂስ በተግባር እንዲያሳዩን በትሕትና እለምናለሁ።

ቃልዎ እንደ ጅራፍዎ ርቆ እንዲሰማ የምትመኝልዎ፣
ብዙወርቅ፣
የሳይንስ መምህርትና የተፈጥሮ ክበብ ኃላፊ

ማሳሰቢያ፦ ፊልሙ አሶሳ ታጥቦ መጥቷል። ወፎቹ አብዛኞቹ ደብዝዘዋል፤ አንድ ፎቶ ግን ጥርት ብሎ ወጥቷል። እርስዎ ጅራፉን ወደ ሰማይ አንስተዋል፤ ፈንታ ባዶ እጁን ከጎንዎ ቆሞ ራሱን ይዟል። ሁሉም ሰው እንዲያየው የጋራ ምግብ አዳራሹ በር ላይ ሰቅለነዋል። ከሥሩ ምን ይጻፍ ብዬ ተማሪዎቹን ብጠይቅ፣ ሳይመካከሩ ሁሉም ያንኑ ተረት ጻፉልኝ፦ «ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።»