ስድስት መቀነስ

ረቡዕ፣ ግንቦት 3 ቀን 1975

ሙቀት። ከዚራ ሰፈር በዛፍ ጥላ ነው የሚታወቀው፣ ቢሯችን ግን ምድጃ። ከአዴር ሂርሲ ጋር በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠን በስልክ እየተነገረን የድርጅቱን ካሚዮኖች መውጫ ሰዓት እንመዘግባለን። ቬንትሌተሩ በእኔ በኩል፣ መስኮቱ በእሳቸው። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የድርጅቱ የድሮ ባለቤቶች ፈረንጆቹ በቡሎን አስረውት የሄዱት ሰዓት አለ... ለእኔ በቀኝ፣ ለእሳቸው በግራ። አሁንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚሄደው። ስድስት እየቀነስን እንጽፋለን።

ዛሬም አሥር ጊዜ "አዴር፣ ስንት ሰዓት ነው?" አሉኝ። ሶማሌ አጎቱንም በዕድሜ ትልቁንም ሰው አዴር ይላል፣ የተጠራውም መልሶ አዴር ይላል። ደስ ይለኛል። ግን ሰዓቱ እኮ አጠገባቸው ነው! ስንፍና?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 6

ጉድ ሠራሁ። ጠዋት ሲጠይቁኝ እንዳየሁት "ዘጠኝ" አልኳቸው። ስድስት ሳልቀንስ! እሳቸውም ጻፉት። አለቃችን ጓድ ገብረወልድ መዝገቡን ይዘው ከመስታወት ክፍላቸው ወጡ።

"ምንድነው ይሄ? ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የወጣ ካሚዮን?"

አፌን ስከፍት አዴር ሂርሲ ቀደሙኝ። "እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባቸው። ከደገሙ ስንብት። ለጡረታ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ነው የቀራቸው... እኔ ለምን ዝም አልኩ? አፈርኩ።

ሰኞ፣ ግንቦት 8

ይቅርታ ልጠይቅ ስል "ተዪው አቦ" አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው... የግራ ዓይናቸው ከመስከረም ጀምሮ አያይም። ሰዓቱን ለማየት አንገታቸውን ሙሉ ማዞር አለባቸው፣ ካዞሩ ደግሞ አለቃ በመስታወቱ ያዩዋቸዋል።

"ሐኪም ቦርድ ካቀረቡኝ አለቀልኝ፣ አዴር። ስድስት ልጅ ነው ያለኝ። ማንም እንዳይሰማ፣ ወላሂ።"

እኔ ደግሞ ስንፍና ብዬ...

ረቡዕ፣ ግንቦት 10

ሰዓቱን ወደ ቀኛቸው ላዛውረው ብዬ በምሳ ሰዓት ቢላዋ ይዤ ታገልኩ። ቡሎኑ ዝጓል፣ በላዩ ላይ ቀለም ተቀብቶበታል። ንቅንቅ የለም። የቢላዋዬ ጫፍ ተሰበረ። ይባስ ብሎ የንብረት ክፍሉ በዛብህ ደረሰብኝ።

"ቱሪያ! የሕዝብ ንብረት እኮ ነው! መዝገብ ላይ 'ጠረጴዛ ከነሰዓቱ' ተብሎ በአንድ ቁጥር ነው የገባው። ማዛወር ከፈለግሽ ምክንያቱን ገልጸሽ ለኮሚቴ አመልክቺ።"

ምክንያቱን! ማመልከቻውን ጀመርኩና ቀደድኩት።

እሑድ፣ ግንቦት 14

ልብስ ሳጥብ መጣልኝ። ሰዓቱ እምቢ ካለ እኛስ? እሳቸው በእኔ ወንበር ቢቀመጡ ሰዓቱ በቀኛቸው ይሆናል! ምን ዓይነት ደደብ ነኝ... ግን መስኮቱ የሃያ ሁለት ዓመት ቦታቸው ነው። በዓይንዎ ምክንያት ብላቸው ቢሞቱም አይነሡም። ሌላ ሰበብ።

ሰኞ፣ ግንቦት 15

ዋሸሁ። "አዴር፣ ይሄ ቬንትሌተር ራሴን ፈለጠኝ። ቦታ እንቀያየር?"

ቬንትሌተሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ መነጽራቸውንና እስክሪብቷቸውን ሰብስበው ተነሡ።

በዛብህ መጥቶ ሰዓቱን ነካ ነካ አደረገ። ከቦታው አልተነቃነቀም። "ወንበር ምንም አይደል" ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 16

ዛሬ ሰዓት አልጠየቁኝም። አንዴም!

ሐሙስ፣ ሰኔ 2

መስኮቱ እሳት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጀርባዬ በላብ እየራሰ "ተመስገን፣ ራሴን ተሻለኝ" እላለሁ።

ዛሬ ስገባ በእኔ በኩል ጠረጴዛው ላይ የሰሌን ማራገቢያ ተቀምጧል።

"ሚስቴ ፋዱማ ናት የሠራችው" አሉ። "ቬንትሌተር ራሱን ለሚፈልጠው ሰው።"

አልሳቁም። እኔ ቀና ማለት አቃተኝ። ያውቁ ነበር ለካ... ከመጀመሪያው ቀን።

ስልኩ ጮኸ። አነሡት፣ ወደ ቀኝ አየት አድርገው ጻፉ። አለቃ በመስታወቱ አዩን፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

"ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አዴር" አሉኝ። "ስድስቱን ቀንሼልሻለሁ።"