ካፖርቱን የለበሰው አክተር

ነሐሴ 26፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ዝናብ። ቦዬ፣ ያን የአገራችንን ሥር፣ ቀቀልኩ፣ ጨው ረሳሁ፣ እንደዚያው በላሁት። ባለቤቴ አስቴር በሕይወት ብትኖር ትስቅብኝ ነበር። ከዚያ ቪዲዮ ቤት ሄድኩ። ያው ፊልም ነው። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ አልቆጥርም።

ደብተሬ፣ ፊልሙን ነግሬሻለሁ፣ ልድገመው። አክተሩ ወታደር ነው። ከጦር ሜዳ ይመለሳል። ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ግራ እግሩን ይጎትታል፣ እንደኔ። ረጅም ካፖርት ለብሷል። ሰፈሩ ሲደርስ ዱርዬ ነግሦበታል። ባለሱቁን ይደበድባሉ፣ አሮጊት ይገፈትራሉ። እሱ ዝም ይላል። እንደገና ዝም ይላል። ከዚያ ኮሌታውን ከፍ ያደርግና ይነሳል።

ልጆቹ ርካሽ ፊልም ነው ይላሉ። እውነት ነው። ደሙ ቀለም እንደሆነ ያስታውቃል። አንዱ ዱርዬ ሸሚዝ ቀይሮ ሁለቴ ይሞታል። ግድ የለኝም። ከጦርነት በእግሩ የተመለሰን ሰው አክተር ያደረገ ሌላ ማን አለ።

የቪዲዮ ቤቱ በለጠ ይተረጉማል። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ፣ በቀጭን ዱላ እየጠቆመ፣ አሁን እንዲህ አለው፣ አሁን እንዲህ መለሰለት ይላል። መጨረሻው የለም። ካሴቱን ዴኩ በልቶታል። አክተሩ የዱርዬዎቹን አለቃ መሬት ጥሎ ክንዱን ሲያነሳ ቴሌቪዥኑ ነጭ ዝንብ ብቻ ይሆናል። በለጠ በአፉ ይጨርሰዋል። ገደለው ይላል። እናጨበጭባለን።

ከሁሉ አብልጠው የሚያጨበጭቡት ከኋላ የሚቀመጡት የመናኸሪያው ዱርዬዎች ናቸው። አለቃቸው ታምራት ነው፣ ካራቴ ይሉታል። ዱርዬ ሲመታ ዱርዬ ያፏጫል። ሁሉም ራሱን አክተር ያደርጋል መሰለኝ።

ዛሬ መሃል ላይ መብራት ሄደ። ቤቱ ስለሚሞቅ ካፖርቴን በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቅዬው ነበር። መብራት ሲመጣ ሚስማሩ ብቻውን ነው።

ነሐሴ 28፣ ሐሙስ። 12 ሰዓት ተኩል።

ካፖርቴን አገኘሁት። መናኸሪያ፣ ወደ ተበላ ከተማ የሚሄደው ሚኒባስ የሚሞላበት ጋ። ካራቴ ለብሶታል። ኮሌታው ቀና ብሏል፣ እጁ ኪሱ ውስጥ። ግራ እግሩን ይጎትታል። ደህና እግር ያለው ልጅ።

አውልቅ አልኩት።

"ፋዘር፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም። የአክተሩ ነው።"

ጓደኞቹ ሳቁ። የሚኒባሶቹ ረዳቶችም ሳቁ። አክተሩ ዝም እንደሚል ዝም አልኩ። ከዚያ ከዘራዬን አነሳሁ።

ደብተሬ፣ ፊልም ላይ አክተሩ ሲያነሳ ሌላው ቆሞ ይጠብቀዋል። ይሄኛው አልጠበቀም። ገፋኝ። ጭቃ ላይ ቁጭ አልኩ። ስወድቅ ደረቱን ጨምድጄ ይዤው ነበር፣ አንድ የካፖርት ቁልፍ እጄ ላይ ቀረ። አስቴር በጥቁር ክር የሰፋችው ነው። ክሩም አብሮ መጥቷል። አሁን ጠረጴዛው ላይ ነው። የዛሬው ምርኮ ይሄ ነው።

አንዲት በቆሎ ሻጭ ከዘራዬን አንስታ ሰጠችኝ። "ይቅርብዎ ጋሼ፣ ይቅርብዎ" አለች። ጭቃው ታጠበ። ይቺ ቃል አልታጠበችም።

ነሐሴ 29፣ ዓርብ።

ፖ/ጣቢያ። ተረኛው ልጅ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። ምን ዓይነት ካፖርት ነው አለ። የወታደር። የየትኛው ሠራዊት? የድሮው። ብዕሩን አስቀመጠ። አባቴ፣ ያኔ ሠራዊቱ ሲበተን ንብረት አስረክቡ ተብሎ አልነበረም ወይ፣ ልጻፈው ወይስ ይቅር አለኝ። ለኔው አስቦ ነው። ይቅር አልኩ።

ከሰሜን እስከዚህ በእግሬ ስመጣ ካፖርቱን አስረክብ ያለኝ የለም። ብርዱ ራሱ ይተወኝ ነበር ለሱ ሲል።

ጳጉሜን 2፣ ሰኞ። ጠዋት።

ልምምድ ጀመርኩ። ወደ ዳሞታ ተራራ በሚወስደው መንገድ እስከ ባሕር ዛፎቹ ወጣሁ። ጉልበቴ ተቆጣ። ተመለስኩ። ጓሮ ገብቼ የእንሰቱን ግንድ በቡጢ። ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። እንሰት ጥሩ ባላጋራ ነው፣ አይመልስም። ጎረቤቴ በአጥር አሻግራ አየችኝ። "አስር አለቃ ሳና፣ እንሰቱ ምን አደረገዎት?" አለች። የመንግሥት ሥራ ነው፣ ዝም በዪ አልኳት።

ዕቅዱ ይሄ ነው። ከአዲስ ዓመታችን ከጊፋታ በፊት፣ በገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ እጥለዋለሁ። ጭቃ ላይ። አባቶቻችን ቂም ይዞ አዲስ ዓመት አይገባም ይላሉ። ቂሙን በከዘራ እጨርሰዋለሁ። አክተር አይሞትም።

እጄ አብጧል። ፊደሉ ተንጋደደ፣ ይቅርታ።

መስከረም 4፣ ሰኞ።

አቶ ዳና መጣ። የቅርጫችን ሰብሳቢ ነው፣ የጸሎት ቤት ሽማግሌም ነው። መጀመሪያ ስለ ቪ/ቤት ገሠጸኝ። አስቴር ብታይህ ምን ትላለች አለ። እሷ የምትለውን እኔ ነኝ የማውቀው አልኩት። እውነቱን ለመናገር እሷም ይሄንኑ ትል ነበር።

ከዚያ ወደ ነገሩ ገባ። የጊፋታ በሬያችን ተገዝቷል። ሕጉን ታውቃለህ አለ። የተጣሉ ሁለት ቤቶች ከአንድ በሬ አይበሉም። ወይ ቢላዋ ሳይነሳ ይታረቃሉ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። እኔ የተጣላሁት ከዱርዬ ነው፣ ዱርዬ ቅርጫ የለውም አልኩ።

"እናቱ አላት" አለ ዳና። "አበበች በባሏ ቦታ ገብታለች።"

ይሄን አላውቅም ነበር። ግን አፌ ቀደመኝ። እኔ ሥጋ አልወድም፣ ይቅርብኝ አልኩ።

"አንተ? አምና የዳጣውን ሳህን በጣትህ የጠረገው ማን ነበር?"

አልታረቅም አልኩ። ባርኔጣውን አደረገ። በሩ ላይ ዞሮ፣ እንግዲያው እሷንም ልጆቿንም ጾም አሳደርካቸው አለኝና ሄደ።

ተናድጃለሁ። የሰረቀው እሱ፣ የወደቅኩት እኔ፣ ጨካኙም እኔ ሆንኩ። እንሰቱን ለመምታት ወጣሁ። አንድ ጊዜ መትቼ ተውኩት።

መስከረም 9፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 8 ሰዓት።

ወ/ሮ አበበች መጣች። ግቢ አልኳት፣ አልገባም አለች። ደጃፉ ላይ በዱካ ተቀመጠች። እኔ ቆሜ፣ እሷ ተቀምጣ። ይቅርታ ልትለምን መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩ። አልለመነችም።

ያለችውን ልጻፍ። ቶሎ ካልጻፍኩት ይጠፋብኛል።

ባሏም ወታደር ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን እንደኔ በእግሩ መጣ። ካፖርት ለብሶ፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ። ያን ሰሞን በየመንገዱ የሚለምን ወታደር ብዙ ነበር፣ ልጆች ድንጋይ ይዘው ይከተሏቸዋል። የሰፈሯ መግቢያ ላይ ልጆች ወታደር ለማኝ መጣ ብለው ወረወሩበት። አንዱ ድንጋይ ግንባሩን ፈነከተው። የወረወረው ታምራት ነው። አባቱ መሆኑን አላወቀም። አባቱ ሲዘምት እሱ ገና ጡት ይጠባ ነበር።

"አባቱ አንድ ቀን ነገሩን አንስቶበት አያውቅም" አለች። "ሳቀ እንጂ። ጥሩ ኢላማ አለህ አለው። በዓመቱ በሳምባ ሞተ። በዚያው ካፖርት ቀበርነው።"

ታምራት ከዚያ ወዲህ ስለ አባቱ አይናገርም። የእርስዎን ካፖርት ካመጣ ጀምሮ ለብሶት ነው የሚተኛው አለች። አስመልሺው ቢሉኝ ልታገለው እችላለሁ፣ ግን እኔ እናቱ ነኝ፣ አውልቅ ማለት አቃተኝ አለች።

ዝም አልኩ። ይሄኛው የአክተር ዝምታ አይደለም።

ስትነሳ ቦዬው ጨው የለውም አይደል አለችኝ። ከድስቱ ሽታ አወቀች። ሴት።

መስከረም 13፣ ረቡዕ። 12 ሰዓት።

ደብተሬ፣ ዛሬ የሆነውን ስሚ።

ፊልሙ ሳይጀመር በለጠን ወደ ጎን ጠራሁት። እውነተኛው መጨረሻ ምንድነው አልኩ። ሳቀ።

"እኔ ምን አውቄ፣ አስር አለቃ። ካሴቱ ሲመጣልንም እንዲሁ ነበር። ሰዉ ግደለው ግደለው ይላል፣ እኔ እገድለዋለሁ።"

ታዲያ መሃሉንስ? እንግሊዝኛውንስ? ጭንቅላቱን አከከ። እንደ ሁኔታው ነው አለ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ያየሁት ፊልም ከበለጠ ሆድ የወጣ ነው ማለት ነው።

ፊልሙ ሄደ። ካራቴ ከኋላ ነው፣ ካፖርቴን ለብሶ። አንድ ቁልፍ የጎደለበት ቦታ አፉን ከፍቷል። በዚህ ሙቀት እንኳ አላወለቀውም። አክተሩ ክንዱን አነሳ። ነጭ ዝንብ ሆነ። ከኋላ አንዱ ጮኸ፣ በለጠ ዛሬ በምን ነው የምትገድለው አለ።

በለጠ በዱላው ወደኔ ጠቆመ። "ዛሬ አስር አለቃ ይጨርሱልን። ጦርነት ያዩት እሳቸው ናቸው።"

ሳቁ። አጨበጨቡ። ጭቃው ላይ ያዩኝም አሉ እዚያ ውስጥ። ተነሳሁ። ክንዱን ሰበረው ልል ነበር። ወደ ካራቴ ዞሬ ክንዱን ሰበረው ልል ነበር፣ አዘጋጅቼው መጥቻለሁ።

ያልኩት ሌላ ነው።

ክንዱን አወረደው አልኩ። ለምን አሉ። ትከሻው ታሞበታል አልኩ፣ ብዙ የተዋጋ ሰው ትከሻው ያመዋል። ተወውና ሄደ። ቤቱ ሩቅ ነው፣ በእግሩ ነው። በየመንገዱ አንዳንዱ ይሰድበዋል፣ አንዳንዱ ቆሎ ይሰጠዋል። አመሰግናለሁ አይልም፣ ምላሱ ደርቋል። ሰፈሩ ሲደርስ ልጆች ድንጋይ ወረወሩበት። አንዱ ግንባሩን መታው።

"ከዚያስ? ገደላቸው?"

ምን ይገድላቸዋል አልኩ። ልጆች ናቸው። ሳያዩት ያደገ ልጅ አባቱን በጢም አይለየውም። እሱ ግን ልጁን አወቀው። ቤት ገባ። ልጁ ውሃ አመጣለት፣ ጠጣ። አለቀ።

ከዚያ ፉጨት። ይሄ ምን ፊልም ነው፣ አንድ ሰው እንኳ አልሞተም፣ በለጠ የሚጨርሰው ይሻላል አሉ። በለጠም አኩርፏል፣ ሁለተኛ አልጠራዎትም አለኝ። እኔም አልመጣም አልኩት። ነገ እመጣለሁ።

ካራቴ አላፏጨም። አላጨበጨበም። ተነስቶ ወጣ። ወንበሮቹ ጠባብ ናቸው፣ ሲያልፍ የካፖርቴ ጫፍ ጉልበቴን ነካኝ። እግሩን አልጎተተም።

መስከረም 15፣ ዓርብ።

ዝናቡ አቆመ። መናኸሪያ አልሄድኩም። የገበያ ቀን ነበር፣ የዕቅዴ ቀን። ከዘራዬ ግድግዳ ተደግፎ ዋለ። ከሰዓት በኋላ አቶ ዳና በአጥሩ በኩል ተጣራ። ልጁ ለሽማግሌ እቀመጣለሁ ብሏል፣ አንተስ አለ። አስብበታለሁ አልኩ። በሬው አያስብም፣ እሑድ ጠዋት ነው የሚታረደው አለኝ።

መስከረም 16፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ነገ ጊፋታ። ሰፈሩ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይላል። ልጆች ችቦ እያሰሩ ይዘፍናሉ፣ ጆሮዬን በጠሱት፣ ግን ደስ ይላል።

ስቀመጥ ስነሳ ዋልኩ። ዳና ተወው ይላል፣ ለአንድ አሮጌ ካፖርት ይላል። አልተውም። የኔ ነው። በሰሜን ብርድ ያዳነኝ ነው፣ አስቴር ክርኑን የጠገነችው ነው። ተውኩልህ ያልኩት እንደሆነ ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ሌባ ሆኖ ይለብሰዋል። ተውኩልህ ማለትም እኔ ያን ቀን ከጭቃው አልተነሳሁም ማለት ነው።

እንዲህ ወሰንኩ፣ ጻፊው።

ነገ ሽማግሌ ፊት እቀመጣለሁ። ካፖርቴን መልስ እለዋለሁ፣ በግልጽ፣ ሰው እየሰማ። ያወልቀዋል። ካላወለቀም ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፣ እስከ ማታ ቢሆን፣ በሬው ቆሞ ይጠብቀን። ሲያወልቅ እቀበላለሁ። ቁልፉን እዚያው እሰፋለሁ፣ እያየኝ። ከዚያ በጄ አለብሰዋለሁ። ጠዋት ይበርዳል፣ በሬ የሚይዝ ሰው ደግሞ ያስፈልጋል፣ ጉልበት አለው።

ያወለቀው የሰረቀውን ነው። የሚለብሰው የሰጠሁትን ነው። ይቅርታ ቢለኝ ባይለኝ ከራሱ ጋር ይጨርስ።

ኮሌታውን ግን ዝቅ ያድርግ እለዋለሁ። አባቱም እኔም እንደዚያ ለብሰን አናውቅም።

አሁን ብርሃን ሳለ ክሩን ላስገባ። ነገ ሰው ፊት ክር ሳስገባ እንዳልዘገይ። የአስቴርን መርፌ አገኘሁት። ጥቁሩን ክር ምራቅ ነካ አድርጌ። አልገባም። እንደገና። ቀዳዳው ጠቧል፣ ድሮ እንዲህ አልነበረም። ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ልውጣና…