ከግቡ ጀርባ የምቆመው

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ዛሬ ከልምምድ በኋላ አሠልጣኛችን ለብቻዬ ጠሩኝ። «ዘንድሮ አንድም ጨዋታ አልገባህም። ከእሁዱ ጨዋታ በፊት አንድ ሰው መቀነሴ አይቀርም። ተጠባባቂ በረኛ ምን ያደርግልኛል? እስቲ አንተው ንገረኝ» አሉኝ።

«እርስዎ ያውቃሉ» አልኳቸው።

የዋናው በረኛችን የሰይድ ግራ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። በጨዋታ ቀን ሰውነቴን የማሟሙቅ መስዬ ከግቡ ጀርባ እቆማለሁ። ኳስ በዚያ በኩል ሲመጣ «ግራ!» እለዋለሁ፤ ተወርውሮ ያወጣታል። መካነ ሰላም ከተማ በሙሉ ያጨበጭብለታል።

ይህን ብናገር እሁድ የምገባው እኔ ነኝ። የሚያናድደኝ ግን፣ በአንድ ዓይኑም ከእኔ ይሻላል። እኔ ብሆን ግማሾቹን ኳሶች አላወጣቸውም ነበር።

ሰይድ የሜዳው በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ምን አሉህ?»

«ምንም።»

እስከ ገበያው ድረስ አብረን ሄድን። ሊለየኝ ሲል ትከሻዬን ያዝ አደረገና፣ «እሁድ ከኋላዬ አለህ አይደል፣ ወንድሜ?» አለኝ።

«ኢንሻአላህ» አልኩት።

«ካልቀነሱኝ» የሚለውን ዋጥኩት።