በራፌን ስለሚጠብቀው ተኳሽ ሣጥን

ለተከበሩ ጓድ ወንድይፍራው
የንጋት የኅብረት ሱቅ ሊቀ መንበር
ጂንካ

ጉዳዩ፦ ጽፌ እንድለጥፍ የታዘዝሁትን ግለ ሂስ ይመለከታል

ክቡር ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰነበታችሁ እያልሁ፣ በቅርቡ የጀመረዎት የወገብ ሕመም በስብሰባ ብዛት እንዳይባባስብዎት ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ ጤንነት የሚያስቡ ከሆነ፣ በየቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ድረስ ፀሐይም ነፋስም ሳይነካኝ ስለምቀመጥ እጅግ ደህና ነኝ።

በመሥሪያ ቤትዎ ማኅተም በደረሰኝ ወረቀት፣ «በሕዝብ ንብረት ጥበቃ ላይ ስለፈጠርሽው መሰናክል ግለ ሂስ ጽፈሽ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፊ» ተብዬ ታዝዣለሁ። ትእዛዙን ለመፈጸም ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድሁት፤ ራሴን ልወቅስ በተቀመጥሁ ቁጥር ብዕሬ ወደ እርስዎ እየዞረ አስቸግሮኛል። ስለዚህ በታላቅ ይቅርታ ለእርስዎ የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ አድርጌዋለሁ፤ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ያው ስለሆነ አባላት ሁሉ ቢያነቡት ቅር እንደማይልዎት አምናለሁ።

ለማያውቁኝ አባላት፣ ተዋበች ለማ እባላለሁ። በጤና ጣቢያ ሃያ ሁለት ዓመት አዋላጅ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ሱቁ ያለበትን ቤት ያሠራው ቆዳ ይነግድ የነበረው ባለቤቴ መኮንን ነው፤ ነፍሱን ይማር። ትርፍ ቤት ሲወረስ የፊት ለፊቱ ሦስት ክፍል ለሕዝብ ሆነና ከኋላ ያለው የቆዳ ማስቀመጫ ለእኔ ተተወልኝ። ለአንድ ሴት አንድ ክፍል ስለሚበቃ በዚህ አላማርርም። ክፍሉ አንድ በር አለው፤ የሚከፈተውም የሱቁ የኋላ በር ወዳለበት ግቢ ነው። አንድ መስኮትም አለው፤ እሱ ግን ቆዳ እንዳይሰረቅ ተብሎ የብረት ፍርግርግ የተገጠመበት ስለሆነ ከእጅ በስተቀር የሚያሳልፈው ነገር የለም።

ምስጋናዬ የሚከተለው ነው።

1ኛ. ስለ ሣጥኑ። ዕቃችን ተቆጥሮ ሲወሰድ ከመጋዘኑ ጥግ አንድ የእንጨት ሣጥን ተገኝቶ ነበር። ባለቤቴ አገር ለቆ ከሄደ አንድ የግሪክ ነጋዴ ላይ ሌላ ዕቃ ሲገዛ አብሮ የመጣለት ያረጀ የሌባ ማስፈራሪያ ነው። በውስጡ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ሁለት ብረቶች አሉ፤ በባትሪ ድንጋይ ኃይል ማግኔት ይሆኑና መዶሻውን ጠፍረው ይይዛሉ። በር ሲከፈት ሽቦው ይቋረጣል፤ ማግኔቱ መዶሻውን ይለቃል፤ መዶሻውም እርሳስ የሌላቸውን፣ ባሩድ ብቻ የያዙ አራት ጥይቶችን አከታትሎ ይመታል። መኮንን አንድ ጊዜ ሞክሮት የጎረቤት ላም ስለጨነገፈች ዳግመኛ አልነካውም። እርስዎ ግን ሳይፈሩ ከአቧራው አንስተው ለአብዮቱ አገልግሎት ስላዋሉት አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው።

2ኛ. ስለ ሽቦው መንገድ። ሣጥኑ የተገጠመው ለሱቁ የኋላ በር ቢሆንም፣ ሌባ በእኔ ክፍል በኩል ግድግዳ ሰብሮ ሊገባ ይችላል በሚል ብልህ አስተያየትዎ ሽቦው በእኔም በር ላይ እንዲዞር አድርገዋል። ማብሪያ ማጥፊያው በሱቁ ውስጥ ነው፤ የሱቁ ቁልፍ በኪስዎ ነው፤ ስለዚህ ሱቁ ሲዘጋ እኔም እዘጋለሁ። ሣጥኑን ያስተኮሰ ሰው ማንም ይሁን ማን እንደ ሌባ እንደሚቆጠርም በስብሰባ አስወስነዋል። መጸዳጃ ቤቱ ከበሬ አሥራ አምስት እርምጃ ብቻ ነው፤ እኔ ግን በሱቃችን ባልዲ መገልገል ከጀመርሁ አምስተኛ ወር ሆነኝ። ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ሰኞ ሦስት ሰዓት ሱቁ ዝግ ስለሆነ፣ የእሁድን ቅዳሴ የምከታተለው ደወሉን ከፍርግርጉ ሥር ቆሜ በመስማት ነው። ሽቦው ከበሬ ላይ እንዲነሣ ሁለት ማመልከቻ ጽፌያለሁ። ለመጀመሪያው «ይታያል» ተባልሁ፤ ለሁለተኛው ደግሞ «ታይቷል» ተባልሁ። ስላዩልኝ አመሰግናለሁ።

3ኛ. ስለ ድንጋዩ። የባትሪው ድንጋይ ሲደክም ማግኔቱም ይደክማል፤ ሲደክም ደግሞ ማንም ሳይነካው በራሱ ይተኩሳል። ይህን ያወቅነው በኅዳር ወር በአንድ ቅዳሜ ገበያ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ከየመንገዱ ይታፈስ ስለነበር ተኩሱን የሰማ ወንድ ሁሉ አፈሳ መስሎት በቆሎውንም ፍየሉንም ጥሎ ወደ ጫካ ሮጠ። እርስዎ ማታ በስብሰባ ላይ የሣጥኑ ድምፅ ምን ያህል ርቀት እንደሚደርስ በተግባር መረጋገጡን ገለጹልን፤ አጨበጨብን።

4ኛ. ስለ የካቲት አንድ ቀን። እሁድ ነበር፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ። አራት ሰዎች ከተራራው አንዲት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ግቢያችን ገቡና ከበራፌ ፊት ለፊት አወረዷት። ሴትዮዋ ቦሼ ትባላለች፤ የመጀመሪያ ልጇንም ያዋለድሁላት እኔ ነኝ። ባሏ ኤርጎ በመስኮቱ በኩል ፊቱን ወደ ፍርግርጉ አስጠግቶ፣ «እትዬ፣ እግሩ ቀድሞ መጣ» አለኝ። ጤና ጣቢያው ከከተማው ማዶ ነው፤ እስከዚያ የሚያደርስ ጊዜ እንደሌለ ከጩኸቷ አወቅሁ።

የሱቁ ጥበቃ ዶላሞ ደንቡን የሚያከብር ሰው መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ። በፍርግርጉ በኩል ጠርቼ ማብሪያ ማጥፊያውን እንዲያጠፋልኝ ለመንሁት።

«ቁልፉ ጓድ ሊቀ መንበር ጋ ነው» አለኝ። «እሳቸው ደግሞ ለስብሰባ ቀይ አፈር ከተማ ወርደዋል።»

ሰው ይላክባቸው አልሁት፤ መኪና እንደሌለ ነገረኝ። ሱቁን ሰብረህ ግባ አልሁት፤ አልሆነም። የጎረቤት መሰላል አምጡና ጣራውን ንቀሉልኝ እስከ ማለት ደረስሁ። በመጨረሻ በሩን እንደምከፍተው ነገርሁት።

«እኔ አላየሁም ብል እንኳ ሣጥኑ ይናገራል፣ እትዬ» አለኝ። አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ ግለ ሂስ ያሉኝ እዚህ ላይ ነው የሚገባው፤ ይኸውና ሳልሸሽግ እጽፈዋለሁ። ከመስኮቴ እስከ በሬ ሦስት እርምጃ ነው። እነዚያን ሦስት እርምጃዎች ሳልራመድ ቁልፍና መሰላል ስጠይቅ ብዙ ቆየሁ። ቦሼ ያን ጊዜ ሁሉ መሬት ላይ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት በዝናብም በጨለማም ተጠርቼ ያልዘገየሁ ሴት ከአንድ ሣጥን ፈርቼ ዘገየሁ። ከዚህ የበለጠ ጥፋት ብፈልግ አላገኘሁም።

ከዚያ መወርወሪያውን ሳብሁት።

አራቱም ጥይቶች ተተኮሱ። ተሸካሚዎቹ ወጣቶች ነበሩና አፈሳ መስሏቸው በአጥሩ ላይ ዘለው ጠፉ፤ ሁለቱ ወደ መንደራቸው የተመለሱት በሦስተኛው ቀን እንደሆነ በኋላ ሰምቻለሁ። ኤርጎም የሚሮጥ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሚስቱ ላይ ተደፍቶ በጀርባው ከለላት፤ ጥይቱ እርሳስ እንደሌለው አያውቅም ነበር።

ዶላሞ ጠመንጃውን ይዞ መጣና ከራሴ በላይ ቆመ። «እትዬ ተዋበች፣ መጀመሪያ ያዋልዱ፤ ከዚያ ይያዛሉ» አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ትሕትና ያለው እሥር አጋጥሞኝ አያውቅም። ልጁ በእግሩ መጣ፣ ክንዱ ተያዘ፣ ራሱ ዘገየ፤ ሲወጣ ሰማያዊ ነበር። አፉን ጠርጌ፣ እፍ ብዬበት፣ ጀርባውን አሽቼ ብዙ ከቆየሁ በኋላ አለቀሰ። ኤርጎ ልጁን ተቀበለኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከቦሼ ላይ ማንሣት አልቻልሁም፤ ደሟ አልቆም ብሎ ነበር። ሆዷን ጨብጬ ባሸውም አልረጋ ሲል ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለባት ተናገርሁ።

ቃሬዛው ሁለት ጫፍ አለው፤ የቀረው ሰው ግን ኤርጎ ብቻ ነበር። እኔ ልሸከም ብዬ ጎንበስ ስል ዶላሞ ከለከለኝ፤ እኔ ከግቢው ከወጣሁ ያመለጥሁ ሌባ እንደምባል ነገረኝ። ከዚያ ጠመንጃውን አየ፣ ሱቁን አየ፣ ቦሼን አየ። ጠመንጃውን አምጥቶ ጉልበቴ ላይ አጋደመልኝ።

«እስክመለስ ሱቁን ይጠብቁልኝ» አለኝ። ልጁን በነጠላዬ ጠቅልዬ ከእናቱ ጎን አስተኛሁት፤ ቃሬዛውን ሁለቱ አነሡና ሄዱ።

እርስዎ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጠው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲደርሱ ያገኙኝ እንዲህ ነው፤ ሌባዋ የሕዝቡን ሱቅ በጥበቃው ጠመንጃ እየጠበቀች፣ ቀሚሷ በደም ርሶ፣ ከራሷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ። ከስኳሩ አንዲት ፍሬ አልጎደለም፤ ራስዎ ቆጥረዋል። «መሣሪያም ታጥቃለች» ብለው በቃለ ጉባኤ ስላስመዘገቡልኝ ክብር እጅ እነሣለሁ፤ በዕድሜዬ ጠመንጃ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው።

5ኛ. ስለ ዶላሞ። እኔ በቀበሌ እሥር ቤት አሥራ አንድ ቀን ብቻ ቆይቼ ወጥቻለሁ፤ እዚያ በሩ ቀን ቀን ክፍት ስለነበረ ተመችቶኛል። ዶላሞ ግን በሦስተኛው ቀን ስሙ ከብሔራዊ ውትድርና ዝርዝር ላይ ተገኘ፤ በማግሥቱም ከምልምሎቹ ጋር በመኪና ተጭኖ ሄደ። ዕድሜው አርባ ማለፉን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ በዝርዝሩ ላይ ግን ሃያ ዘጠኝ ሆኗል። ዕድሜን እንዲህ ወደ ኋላ የሚመልስ ብዕር በእጅዎ መኖሩን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ለጉልበቴ ሕመም እለምንዎት ነበር። ሚስቱ ሰኞ ሰኞ ደብዳቤ ፍለጋ በፖስታ ቤት በኩል ታልፋለች። እስከ አሁን የመጣላት ነገር የለም።

ጉዳዩ ለሚያሳስባቸው አባላት፣ ቦሼ ዘጠኝ ቀን ጤና ጣቢያ ተኝታ ድናለች። ልጁም ደህና ነው። ስሙን ዶላሞ ብለውታል። ወደፊት ዕድሜው እንዳያሳስትዎት የተወለደበትን ቀን እዚህ አሠፍራለሁ፦ የካቲት 1 ቀን 1979 ዓ.ም.።

እንግዲህ የምለምንዎት ሁለት ነገር ነው። ዶላሞ ዕድሜው ታርሞ ወደ ሚስቱ ይመለስ። ሽቦው ከበሬ ላይ ይነሣ። ሁለተኛው ከከበደዎት የመጀመሪያውን ብቻ ያድርጉልኝ፤ እኔ መቀመጥ ለምጃለሁ።

የሱቁን ንብረት ከሌባ፣ እኔን ከፀሐይ፣ ዶላሞን ከቤተሰቡ በመጠበቅ ለሚያሳዩት ያልተቋረጠ ትጋት ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብሁ፣ ወንበርዎ እንዲመችዎት፣ ቁልፍዎም ከኪስዎ እንዳይጠፋ በመመኘት፣ ከሱቁ ጀርባ፣ ከፍርግርጉ ሥር ሆኜ በአክብሮት ተሰናበትሁ።

የእርስዎ ታዛዥ እሥረኛና ጎረቤት
ተዋበች ለማ
መጋቢት 13 ቀን 1979 ዓ.ም.

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ዛሬ እሁድ ጨርሼ እስከ ሰኞ ለማቆየት ትዕግሥት አጣሁ። አንድ ጆሮዬን በእጄ ይዤ መወርወሪያውን ሳብሁት። መዶሻው አራት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ዝም አለ። ንብረት የሚባለው አዲሱ ጥበቃ ከመቀመጫው ሳይነሣ፣ «ከዚያ እሁድ ወዲህ ጥይት የለውም፣ እትዬ፤ የተገኘው ሁሉ አልቋል። እንዳልነግርዎት ጓድ ሊቀ መንበር አዘውኝ ነው» አለኝ። እንግዲያው ከእሥር ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ወር ከአንድ ቀን በባዶ ሣጥን ተጠብቄያለሁ ማለት ነው። ደብዳቤውን በገዛ እጄ ከሰሌዳው ላይ ለጥፌ ወደ ቅዳሴ፣ ከቅዳሴም ወደ ዶላሞ ሚስት ቤት እሄዳለሁ። በሩን ክፍት ትቼዋለሁ።