ጀፎረው ላይ የዋጥኩት ቃል

ሐምሌ 14 ቀን 2001፣ ማክሰኞ
ወልቂጤ። ዝናብ። የጫማዬ ተረከዝ ጭቃ ውስጥ ቀረ… ክረምት ነው፣ ትምህርት የለም ብዬ ተኝቼ ነበር። ወንጌላዊ ዳዊት ደውሎ ቀሰቀሰኝ። «ደብሪቱ፣ ኮሪያዎቹ ገብተዋል። አስተርጓሚ አንቺ ነሽ።» እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆን ያተረፈልኝ ይኸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን እንግዳ በመጣ ቁጥር አፍ መሆን! ለአሥር ቀን አገልግሎት የመጡ አሥራ ሁለት ወጣቶች። ሁሉም ቢጫ ሰደርያ ለብሰዋል፤ ለኔም አንድ ሰጡኝ። መሪያቸው ሱጂን የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። እንግሊዝኛዋ ከኔ አይሻልም፣ ተመስገን።

ሐምሌ 16
ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ቴኳንዶ አሳዩ። ሱጂን ጣውላ በእግሯ ለሁለት ሰበረች። እናቶች እልል አሉ። ጸሎት ላይ ነን ወይስ ድብድብ ላይ? ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ሐምሌ 17፣ ዓርብ
ወደ አረቅጥ ወጣን። ብርድ፣ ጉም። ለልጆች መጫወቻ ሊተክሉ ነው፤ ከነአጥሩ። ዳዊት «ቦታው ተዘጋጅቷል» ያላቸው የት ቢሆን ጥሩ ነው? የአጎቴ የወልዴ መንደር ጀፎረ ላይ! ሜዳው የመንደሩ ሁሉ ነው፤ ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው። ማንም አያጥረውም። ዳዊት የቡታጅራ ልጅ ነው፣ እሱም ጉራጌ ሆኖ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ለሱ ባዶ መሬት ነው እንጂ።

አጎቴ በትራቸውን ይዘው መጡ። በጉራጊኛ፣ ረጋ ብለው… «ልጄ፣ ንገሪልኝ። እንግዳ ክቡር ነው። ጀፎረ ላይ ግን ብረት አይተከልም፣ አይታጠርም። ከጓሮዬ ቆርሼ ልስጣቸው።»

ዳዊት አየኝ። ሱጂን ፈገግ ብላ ትጠብቀኛለች። አፈርኩ። በአጎቴ፣ በበትራቸው፣ ጭቃ በነካው ጋቢያቸው… «በመምጣታችሁ ደስ ብሏቸዋል፤ እግዚአብሔር ይባርካችሁ ይላሉ» አልኩ።

አሥራ ሁለቱም ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሷቸው። አጎቴ የልጆቹ ጎንበስ ማለት እሺታ መሰላቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመስግነው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሐምሌ 18
ብረቱ ቆመ። ሲሚንቶ ፈሰሰ። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ሐምሌ 19
አልነገርኳቸውም።

ሐምሌ 20


ጠዋት የአጎቴ ልጅ ሀብተጊዮርጊስና ጎረቤታቸው ሸረፋ ዶማ ይዘው መጥተው ብረቱን መንቀል ጀመሩ። መንደሩ በሙሉ ከኋላቸው። ሊያግዙ የመጡት የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ፊት ለፊታቸው ቆሙ። አጎቴ መሀል ገብተው ሱጂን ላይ ጮኹ። «እጅ ነስተሽኝ! እሺ ብለሽኝ!» «ምን ይላሉ?» አለችኝ። ወደመጣንበት ሚኒባስ አፈገፈግኩ።

ዳዊት «ዞር በሉ!» ብሎ አጎቴን ገፈተራቸው። በጀርባቸው ወደቁ፤ ጭንቅላታቸው ከሲሚንቶው ጋር ተጋጨ። ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሀብተጊዮርጊስ የነቀለውን ብረት አንስቶ የዳዊትን ፊት መታው። ዓይኑ… አልጽፈውም። ደሙ ሰደርያዬ ላይ ተረጨ። ከዚያ ድንጋይ፣ ዱላ፣ የሚኒባሱ መስታወት ሲረግፍ… ትናንት ስለ ፍቅር የዘመሩ መዘምራናችን የወደቀ ሰው ሆድ ሲረግጡ አየሁ። ሸረፋ አንዱን ልጅ ፀጉሩን ይዞ ከመኪናው ጋር ያላትመዋል። ጣውላ ሰባሪዋ ሱጂን ግን እግሯን አላነሳችም። አጎቴ ላይ ተደፍታ ሸፈነቻቸው። ከየትኛው ወገን እንደመጣ የማላውቀው ዱላ ክንዷ ላይ አረፈ። አጥንቱ ቆዳዋን ቀዶ ወጣ።

እኔስ? ሚኒባሱ ሥር ነበርኩ።

ሐምሌ 22
የዳዊት ቀኝ ዓይን ጠፋ። ሀብተጊዮርጊስ ታስሯል። የክሱ ወረቀት ላይ «የሃይማኖት ግጭት» ተብሏል፤ ብዙ ዓመት ያስፈርዳል አሉ። አጎቴ ጭንቅላታቸው በፋሻ እንደተጠቀለለ ቤቴ ድረስ መጡ። «ነግረሻቸዋል አይደል? የናቁን እነሱ ናቸው። ይህንኑ ለፖሊስ መስክሪልኝ።» አዎ አልኩ። አዎ!

ሐምሌ 24
ፖሊስ ጣቢያ። ሱጂን ነገ አገሯ ትገባለች፤ ከዚያ በፊት ቃሏን መስጠት አለባት። አስተርጓሚ ማን? እኔ። አጎቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል።

«ሽማግሌው መርቀው ተቀበሉን። ከሦስት ቀን በኋላ ሰዎቻቸው መጡብን። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም» አለች። ቃል በቃል ተረጎምኩ። መርማሪው እስክሪብቶውን ሊያስቀምጥ ሲል «ይጨምሩበት» አልኩት። «እሳቸው አልመረቁም። አይተከል ነው ያሉት። ምርቃቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

ለሱጂንም ነገርኳት። በደህናው እጇ ፊቷን ሸፈነች። አጎቴ ተነስተው ወጡ።

መስከረም 15
ለመስቀል አገር ቤት ገባሁ። ቤተ ክርስቲያን ከአገልግሎት አግዳኛለች። ዳዊት ስልኬን አያነሳም። የሀብተጊዮርጊስ ክስ ተቀይሮ ድብደባ ሆኗል፤ ቀለል ይላል አሉ፣ ለበዓሉ ግን አልተፈታም። ጀፎረው ላይ ብረት የለም፤ ሲሚንቶው የነበረበት ቦታ ሣር እያበቀለ ነው።

ማታ ክትፎው ቀርቦ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። አጎቴ አጠገብ ተንበረከክሁ። «እንኳን አደረሰዎ አጎቴ። ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። በጉራጊኛ ነው ያልኩት፤ ልጅ ሆኜ ራሳቸው ባስተማሩኝ።

ሰሙኝ። ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«ምን አለች?» አሏት።